ጣሪያውን የሚያድነው የጋራዥ በር

ሄሪኬን፣ ያ ከባሕር የሚነሳው ኃይለኛ የንፋስ ማዕበል፣ ሊመጣ ነው ሲባል የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መስኮቱ ነው። ኮምፔንሳቶ ይገዛል። መስታወቱ ይሸፈናል። ውሃ፣ ባትሪ፣ የታሸገ ምግብ ይከማቻል። ከዚያ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያይና «እግዜር ይጠብቀን» ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል።

በቤቱ ፊት ላይ ያለውን ትልቁን ክፍተት ግን ብዙ ሰው እያየ አያየውም። የጋራዡን በር ማለቴ ነው። ጋራዥ ስል መኪና የሚያድርበትን ክፍል እንጂ መኪና የሚጠገንበትን አይደለም።

ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሄሪኬን በሚመጣበት አካባቢ የጋራዥ በር የሚጠናከረው ለመኪናው ተብሎ አይደለም። ለጣሪያው ተብሎ ነው። መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። በሩ ታች ነው፣ ጣሪያው ላይ። ምን አገናኛቸው? ይህን የተረዳ ሰው ግን ያንን በር ዳግመኛ እንደ ድሮው አያየውም። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ንፋሱ ከገባ በኋላ

ንፋስ ቤት የሚጎዳው በመግፋት ብቻ አይደለም። በመሳብም ነው። ንፋሱ ፊት ለፊት የሚመታው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገፋል። የጎኑና የጀርባው ግድግዳ ግን ወደ ውጭ ይሳባል። ጣሪያው ደግሞ ወደ ላይ። ንፋሱ የጣሪያውን ጠርዝ አልፎ ሲፈጥን ከላይ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ጣሪያውም ከቦታው ሊነሳ ይፈልጋል። በኃይለኛ ንፋስ ጃንጥላ ይዞ የሄደ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ጃንጥላው ወደ ጎን ብቻ አይጎትትም፤ ወደ ላይም ያነሳል።

ቤቱ እስከተዘጋ ድረስ ጣሪያው በዋናነት የሚታገለው ከላይ ከሚስበው ጋር ነው። ምስማሩ፣ ብሎኑ፣ ጣሪያውን ከግድግዳው ጋር የሚያስረው ብረት ሁሉ የተቀመጠው ይህን ለመቋቋም ነው። አሁን የጋራዡ በር ተገነጠለ እንበል። ንፋሱ በዚያ በኩል ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ቤቱ ይነፋል። አፉ ተከፍቶ ወደ ንፋስ የተያዘ ፌስታል አስቡ። ተጨማዶ የነበረው ነገር በአንድ አፍታ ይወጠርና ከእጅ ለማምለጥ ይታገላል። ቤቱም እንደዚያው ነው። ውስጥ የታፈነው አየር ጣሪያውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ከላይ ያለው ንፋስ ደግሞ መሳቡን አላቆመም። አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይገፋል።

ነገሩ በቁጥርም ይሰላል። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በሚያወጣው መስፈርት ውስጥ፣ ዙሪያውን ለተዘጋ ቤት የውስጥ ግፊቱ የሚባዛበት ቁጥር 0.18 ነው። በአንድ ወገን ትልቅ ክፍተት ላለው ቤት ግን 0.55 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ቤቱ ያው ቤት ነው። ምስማሩም ያው ምስማር ነው። የተለወጠው አንድ በር መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት የፈለጉ ሰዎች ሞክረውታል። የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት፣ በቤቶች ደህንነት ላይ ምርምር የሚያደርግ አንድ ተቋም አለ። በሳውዝ ካሮላይና በ2010 የተከፈተ ግዙፍ የሙከራ አዳራሽ አለው። በአዳራሹ በአንዱ ወገን 105 ትልልቅ ማራገቢያዎች ተደርድረዋል። እውነተኛ ቤት ይሠራና ፊታቸው ይቆማል፤ ከዚያ ንፋሱ ይለቀቅበታል። በዚያው ዓመት ሁለት ባለ ፎቅ ቤቶችን ጎን ለጎን አቁመው ፈተኗቸው። አንደኛው እንደ ተለመደው የተሠራ ነው፣ ሁለተኛው ተጠናክሮ የተሠራ። የተለመደው ቤት የመግቢያ በሩ ተበረገደ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ፈረሰ። ጎረቤቱ እንደቆመ ቀረ። ያ ተራ የመግቢያ በር ነበር እንግዲህ። የጋራዥ በር ከእሱ ብዙ እጥፍ ይሰፋል።

ከዚሁ ተቋም የመጣ፣ አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ ምክር እዚህ ላይ ላቀብላችሁ። ሄሪኬን ሲመጣ የቤቱን የውስጥ በሮች ሁሉ ዝጉ። የመኝታ ቤቱን፣ የመታጠቢያውን፣ ከጋራዡ ወደ ቤት የሚያስገባውን፣ ሁሉንም። አንድ ቦታ ላይ ንፋስ ቢገባ በዚያ ክፍል ይታገዳል፤ ቤቱን በሙሉ አይነፋም። በሙከራቸው መሠረት ይህ ብቻ ጣሪያው ላይ የሚያርፈውን ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

አንድሩ ያስተማረው

እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1992 ሄሪኬን አንድሩ ደቡብ ፍሎሪዳን መታ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ንፋሱ በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር ይምዘገዘግ ነበር። በጊዜው ደረጃ 4 ተባለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ መረጃው እንደገና ሲመረመር ወደ 5 ከፍ ተደረገ። ከ5 በላይ ደረጃ የለም። ከማያሚ ወደ ደቡብ ያሉት ሆምስቴድና ፍሎሪዳ ሲቲ የሚባሉት ከተሞች እንዳልነበሩ ሆኑ። ዛሬ ማያሚ ዴድ በሚባለው ወረዳ፣ በያኔው ዴድ ካውንቲ ብቻ፣ ከ25,000 በላይ ቤቶች ወደሙ። ከ100,000 በላይ ደግሞ ተጎዱ።

ፌማ የሚባለው የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎችን ላከ። ሥራቸው ፍርስራሹን እያዩ «ይህ ቤት በየት በኩል ተሸነፈ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ደጋግመው ካገኟቸው መልሶች አንዱ የጋራዥ በር ነው። በሩ ይጎብጣል፣ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ይወጣል፣ ንፋሱ ይገባል፣ ጣሪያው ይሄዳል። ጣሪያው ከሄደ ደግሞ ዝናቡ የቀረውን ይጨርሰዋል። ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ያጣው ግድግዳው ደካማ ስለነበር አይደለም። ግድግዳው ቆሞ ሳለ ቤቱ ከውስጥ ተበላሸ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ተቀየረ። መጀመሪያ ማያሚ ዴድና ጎረቤቱ ብራዋርድ ካውንቲ ጠበቅ ያለ የግንባታ ደንብ አወጡ። ዛሬም ሁለቱ ካውንቲዎች ከሌላው ፍሎሪዳ የተለየ፣ እጅግ ከባድ ንፋስ የሚጠበቅበት ቀጣና ተብለው ተለይተዋል። ከማርች 2002 ጀምሮ ደግሞ ፍሎሪዳ በሙሉ በአንድ የግንባታ ደንብ መተዳደር ጀመረ። በ2004 ቻርሊ የሚባለው ሄሪኬን ፑንታ ጎርዳ የምትባለውን የፍሎሪዳ ከተማ ሲመታ ልዩነቱ ታየ። በአዲሱ ደንብ የተሠሩት ቤቶች ከቀድሞዎቹ በግልጽ በተሻለ ሁኔታ ተረፉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቤታችሁ ከ2002 በፊት የተሠራና በሩ ያልተቀየረ ከሆነ ይህ ጽሑፍ በቀጥታ ይመለከታችኋል።

ያ በር ለምን ደከመ?

የሁለት መኪና ጋራዥ በር ብዙውን ጊዜ 16 ጫማ ስፋትና 7 ጫማ ቁመት አለው። በሜትር 4.9 በ2.1 ገደማ። ከአሥር ካሬ ሜትር በላይ ነው። በቤቱ ላይ ይህን የሚያህል ሌላ ክፍተት የለም። ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ግን ስስ ቆርቆሮ ነው። ቀላል እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው፤ በየቀኑ ወደ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ነውና።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። የንፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ያንን በር ፊት ለፊት ሲመታው የሚያሳርፍበት ኃይል ወደ 1,300 ኪሎ ክብደት ይጠጋል። አንድ መካከለኛ የቤት መኪና በሩ ላይ ተጋደመ ማለት ነው። ንፋሱ 240 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ብቻ ነው። ኃይሉ ግን ወደ 2,900 ኪሎ ይወጣል። መኪናው አንድ ሳይሆን ሁለት ሆነ። ይህ የንጹሕ ንፋስ ግፊት ሻካራ ስሌት ነው። ትክክለኛው ቁጥር እንደ ቤቱ ቁመት፣ እንደ አካባቢው ሜዳነትና በሩ ከቤቱ ጥግ እንዳለው ርቀት ይለያያል። ለመገመት ግን ይበቃል።

ሌላው ችግር ስፋቱ ነው። በሩ የተያዘው በግራና በቀኝ ብቻ ነው። መሐሉን የሚደግፈው የለም። ረጅም ጣውላን ጫፍና ጫፉን ደግፋችሁ መሐሉን ብትጫኑት ከአጭሩ ይልቅ ቶሎ ይጎብጣል። በሩም እንደዚያው ነው። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን፣ በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ያለው ግፊት ሳይለወጥ፣ የሚያጎብጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ቤት የምትሠሩ ወይም የምታድሱ ከሆነ አንድ ሰፊ በር ከማድረግ ይልቅ ሁለት ነጠላ በሮችን ጎን ለጎን ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው። በመካከላቸው የሚቆመው ምሰሶ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

በሩ ሲጎብጥ ደግሞ ያጥራል። ወረቀት በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ብታጎብጡት ጫፎቹ ይቀራረባሉ አይደል? የበሩም ጫፎች ወደ መሐል ይሰበሰባሉ። በጎኑ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች፣ ሮለር የምንላቸው፣ ከሐዲዳቸው ሾልከው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ በሩን የያዘው ነገር የለም። በሩ እንዲጠፋ ቆርቆሮው መቀደድ የለበትም። ከሐዲዱ መውጣቱ ብቻ ይበቃል።

ንፋሱ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይገፋል ማለትም አይደለም። የሄሪኬኑ ዓይን፣ ጸጥ ያለው መሐሉ፣ በላያችሁ ካለፈ ንፋሱ አቅጣጫውን ይገለብጣል። ሲገፋ የነበረው አሁን በሩን ወደ ውጭ ይስበዋል። ጥሩ በር ሁለቱንም መቻል አለበት።

የጠነከረ በር እንዴት ይታወቃል?

ከሩቅ ሲያዩት ልዩነት የለውም። ልዩነቱ የሚታየው ከውስጥ ነው። ጋራዡ ውስጥ ግቡና በሩን ዘግታችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። ለንፋስ የተሠራ በር ከዳር እስከ ዳር በአግድም የተዘረጉ፣ በጎን ሲታዩ እንደ ቦይ የታጠፉ ብረቶች ይኖሩታል። ከመጎበጥ የሚያግዱት እነሱ ናቸው። ማጠፊያዎቹ ወፍራም ናቸው፣ ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገጠማሉ። የሮለሮቹ ዘንግ ረዘም ይላል፣ በቀላሉ እንዳይሾልኩ። ሐዲዱ ወፍራም ብረት ነው፤ ሐዲዱን ከግድግዳው ጋር የሚይዙት ማሰሪያዎችም ጠጋ ጠጋ ብለው ነው የተመቱት።

ሰው የሚረሳው መቃኑን ነው። የንፋሱን ኃይል እንደ ዱላ ቅብብል አስቡት። ቆርቆሮው ለአግድም ብረቱ ያቀብላል። ብረቱ ለሮለሩ፣ ሮለሩ ለሐዲዱ፣ ሐዲዱ ለማሰሪያው፣ ማሰሪያው ለመቃኑ ሞራሌ፣ ሞራሌው ለግድግዳው። አንዱ ከጣለው ሩጫው አለቀ። ምርጥ በር በበሰበሰ ሞራሌ ላይ ከተመታ የጠፋው ገንዘብ ነው። ስለዚህ በር የሚገጥምላችሁን ባለሙያ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «መቃኑ ከግድግዳው ጋር በምን ተያይዟል? ብሎኑስ የት ድረስ ገብቷል?» ጥያቄውን በደንብ የሚመልስ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ቀጥሎ መለያውን ፈልጉ። ለንፋስ የተፈተነ በር ከውስጥ በኩል ተለጣፊ ወረቀት አለው። ፍሎሪዳ ውስጥ የክልሉ የማጽደቂያ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ለማያሚ ዴድ የተፈቀደ ከሆነም የካውንቲው የፈቃድ ቁጥር። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ግን የግፊቱ መጠን ነው። አንዱ የመደመር፣ አንዱ የመቀነስ ምልክት ያለበት ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። የመደመሩ በሩ ወደ ውስጥ ሲገፋ የሚችለው ነው። የመቀነሱ ወደ ውጭ ሲሳብ የሚችለው። ቁጥሩ የተጻፈው በፓውንድ በስኩዌር ፉት ነው። ለምሳሌ 40 የሚል ካለ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 195 ኪሎ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሻጩ «ይህ በር 150 ማይል ይችላል» ሊላችሁ ይችላል። በማይል ብቻ አትግዙ። ያው ንፋስ ባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ ባለ ቤትና በዛፍና በቤቶች በተከበበ ቤት ላይ እኩል ግፊት አያሳርፍም። መጠየቅ ያለበት «የእኔ ቤት በዚህ ቦታ ላይ ስንት ግፊት የሚችል በር ያስፈልገዋል?» ተብሎ ነው። መልሱ ያለው የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢያችሁ መሥሪያ ቤት ጋ ነው። ቁጥሩን ከዚያ ይዛችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ እንጂ ሻጩ ቁጥር እንዲሰጣችሁ አትጠብቁ።

ሌላም አለ። ግፊት መቻልና ምት መቻል ይለያያሉ። ሄሪኬን ንፋስ ብቻ አይደለም፤ የሰው አጥር፣ የሰው ጣሪያ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ምት ይችላል የተባለ በር የሚፈተነው ወደ 4 ኪሎ የሚመዝን ሞራሌ እንደ መድፍ ባለ መሣሪያ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተተኮሰበት ነው። ከተመታ በኋላም አልበቃውም። ግፊት እየተደረገበት፣ እየተለቀቀ፣ እንደገና እየተደረገበት ደጋግሞ ይፈተናል። በማያሚ ዴድና በብራዋርድ ይህን ያላለፈ በር አይገጠምም። በሌላ ቦታ ግን በሩ ግፊት እንጂ ምት የማይችል ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። በተለይ በሩ ላይ ትንንሽ መስኮቶች ካሉት ጠይቁ። መስታወቱ ከተሰበረ ንፋሱ መግቢያ አገኘ።

በሩን ሳይቀይሩ

አዲስ በር ገንዘብ ነው። ሁሉም ሰው ዛሬውኑ ሊቀይር አይችልም። በሩ ራሱ ደህና ከሆነ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው በቋሚነት ማጠናከር ነው። አግድም ብረቶቹ ይጨመራሉ፣ ማጠፊያውና ሮለሩ ይቀየራል፣ የሐዲዱ ማሰሪያ ይበዛል። ጥሩ ነው፤ ግን በሩ ይከብዳል። በሩን ወደ ላይ የሚያነሳው ከበላዩ ያለው የተጠመዘዘው ሞላ፣ ስፕሪንጉ ነው። እሱ የተስተካከለው ለቀድሞው ክብደት ነው። ክብደት ሲጨመር ሞላውም መስተካከል አለበት።

እዚህ ላይ እባካችሁ ስሙኝ። ያንን ሞላ ራሳችሁ አትንኩት። በውስጡ ያለው ጉልበት እጅ ይሰብራል፣ ከዚያም የከፋ ያደርጋል። ቤቱን በእጁ የሚጠግን፣ ሁሉን የሚሞክር ጎበዝ ሰው ብትሆኑም ይህኛውን ለባለሙያ ተዉት።

ሁለተኛው መንገድ ማዕበሉ ሲመጣ ብቻ የሚቆም ምሰሶ ነው። ከአሉሚኒየም ወይም ከብረት የተሠራ ቋሚ ነው፤ በሩ ጀርባ ይቆማል። ታቹ ወለሉ ሲሚንቶ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ይገባል። ላዩ ከበሩ በላይ ካለው ወጋግራ ጋር ይያያዛል። መሐሉ በበሩ ማጠፊያዎች በኩል በሩን ይይዛል። ያን ደጋፊ አልባ ስፋት ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፍለዋል ማለት ነው። ከተለመደው በር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትልቅ ነው። ብዙዎቹ ለአንድ ሰው የማይከብዱ ናቸው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። የላይኛው ማሰሪያ የሚመታው በወጋግራው እንጨት ወይም ኮንክሪት ላይ እንጂ በጂፕሰሙ ላይ መሆን የለበትም። ጂፕሰም ምንም አይዝም። ደግሞም ምሰሶው ከቆመ በኋላ በሩ አይከፈትም። መኪናውን ቀድማችሁ አውጡ፤ በሪሞት የሚሠራውን ሞተርም ከኤሌክትሪክ ንቀሉት። አንድ ሰው ረስቶ ቁልፉን ቢጫን በሩም ሞተሩም ይበላሻል።

ምሰሶውን ገዝቶ ካርቶኑን ሳይከፍት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን ከንቱ ነው። ወለሉ መበሳት፣ ማሰሪያው መመታት ያለበት በደህና ቀን ነው። የአትላንቲክ የሄሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የሚብሰው ሴፕቴምበር አካባቢ ነው። ማዕበል በዜና ከተሰማ በኋላ ባለሙያም ዕቃም አይገኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዳይሆን በሚያዝያ ወይም በግንቦት ጨርሱት። አንድ ጊዜም አቁማችሁ ሞክሩት። ሰዓት ያዙ። ልጆቹም ይዩ።

የማይረዱ ነገሮች

መኪናን ከበሩ ጋር አስጠግቶ ማቆም በሩን ይይዘዋል የሚሉ አሉ። መኪናው የሚነካው በሩን አንድ ቦታ ላይ ነው። የቀረው ይጎብጣል። በሩ ከወጣ መኪናውም ይጎዳል።

በሩን የሚከፍተው ሞተር ክንድም በሩን አይይዝም። እሱ ማንሳት እንጂ መመከት አልተማረም። ቁልፉም ብቻውን አይበቃም፤ ቢሆንም አንዳንድ በሮች የተጻፈላቸውን ግፊት የሚችሉት የጎን መቀርቀሪያቸው ከተዘጋ ብቻ ስለሆነ ዝጉት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «ግፊቱ እንዲመጣጠን መስኮት ክፈቱ» የሚለው አሮጌ ምክር ነው። እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ብታስቡት ስህተቱ ይታያችኋል። ንፋሱ እንዳይገባ ስንታገል ራሳችን በሩን እንከፍትለታለን ማለት ነው። አትክፈቱ።

ውሃውንም ለይቼ ልንገራችሁ። የተጠናከረ በር የንፋስ በር ነው። ባሕሩ ተነስቶ ሲመጣ አያቆመውም። የምትኖሩበት አካባቢ በማዕበል ጎርፍ የሚጥለቀለቅ ከሆነና ውጡ ከተባላችሁ፣ በሩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ውጡ።

ስለ ገንዘቡ

ፍሎሪዳ ውስጥ ሕጉ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ያስገድዳል፤ ቤቱን ለንፋስ ያጠናከረ ሰው ቅናሽ ማግኘት አለበት። ቅናሹ የሚሰጠው ፈቃድ ያለው መርማሪ መጥቶ አንድ የታወቀ ቅጽ ሲሞላ ነው። በቅጹ ላይ የቤቱ ክፍተቶች ሁሉ ይመዘናሉ። ደረጃው የሚወጣው ደግሞ በደካማው ነው። መስኮቶቹን ሁሉ በውድ ዋጋ ቀይራችሁ የጋራዡን በር ከተዋችሁት ያንን ሁሉ ቅናሽ በአንድ በር ልታጡት ትችላላችሁ። ይህን ያወቁት መስኮቱን ከቀየሩ በኋላ የሆኑ ብዙ ናቸው።

ክልሉ የሚያካሂደው «ማይ ሴፍ ፍሎሪዳ ሆም» የሚባል ፕሮግራምም አለ። ነፃ ምርመራ ያደርጋል። ለብቁ ሰዎች ደግሞ እነሱ ካወጡት አንድ ዶላር ላይ ሁለት ዶላር እየጨመረ እስከ 10,000 ዶላር ይረዳል። የጋራዥ በርም ከሚረዳባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። በጀቱ ሲያልቅ ስለሚዘጋና ሕጉም ስለሚለዋወጥ ከመጀመራችሁ በፊት ገጻቸውን እዩ። ሥራውን ጀምሮ በኋላ ማመልከት አይሠራም። ቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ያላችሁ ደግሞ የንፋስ ኢንሹራንስ ለማግኘት ቤቱ መስፈርቱን ማሟላቱን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ትጠየቃላችሁ፤ በር ስትቀይሩ ይህን አስቀድማችሁ ለገጣሚው ንገሩት።

የሥራ ፈቃድ፣ ፐርሚት የሚባለውን፣ አትዝለሉት። «ያለ ፐርሚት በርካሽ ልግጠምልህ» የሚል ሰው አይጠፋም። ፐርሚት ሲኖር መርማሪ መጥቶ ብሎኑን ያያል። ከላይ የነገርኳችሁን ዱላ ቅብብል አንድ በአንድ የሚያይላችሁ ሌላ ሰው የለም።

ከማዕበሉ በኋላ

ንፋሱ ጸጥ ሲል በሩ ጎብጦ ወይም በከፊል ከሐዲዱ ወጥቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። በጉልበት ልክፈተው አትበሉ። በሩ ሲጣመም ሞላው እንደተወጠረ ሊቀር ይችላል፤ በሩን የሚያነሳው ገመድ ቢበጠስ በሩ ይወድቃል ወይም ገመዱ ይገርፋል። በሌላ በር ውጡና ባለሙያ ጥሩ። ከመጠገኑ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ተለጣፊ መለያውም በፎቶው ውስጥ ይግባ። ኢንሹራንሱ ይጠይቃችኋል።

መብራት ከጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር ይነሳል። ዝናብ እንዳይመታው ተብሎ ጋራዥ ውስጥ የሚያስነሱት ሰዎች አሉ። በሩን ግማሽ ከፍተው እንኳ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ከጋራዡ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፣ የተኛ ሰው አይነቃም። ማዕበሉን በሰላም አልፈው በማግስቱ በዚህ የሞቱ ቤተሰቦች አሉ። ጄኔሬተሩን ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር አርቃችሁ፣ ጭሱን ከበርና ከመስኮት ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙራችሁ አስነሱት።